ከጥራዙ የተገነጠለ ቀበሮ

ከወልድያ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በላስታ ደጋ የተዘረጋው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዓለም ከቀሩት 500 ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ እዚያ፣ ጓሳው ውስጥ አይጥ እያደኑ ይኖራሉ። እንስሳው ከሳይንሱ ዓለም ጋር የተዋወቀው በሥዕል ጥራዝ ነው፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ከ1835 እስከ 1840 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ባሳተመው ሥራ በስሜን ስም ሰይሞ ሥዕሉን ከነመግለጫው አወጣው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ጥራዞች በጥንታዊ መጻሕፍት ገበያ ከሁለት አንዱ ዕጣ ይደርሳቸዋል፤ ወይ እንዳሉ ይሸጣሉ፣ ወይ ነጋዴው በምላጭ እየለየ ሉክ በሉክ ይቸረችራቸዋል። ሁለተኛው መንገድ ለገዢው ይረክሳል፣ ለሻጩም ያተርፋል። ነገር ግን የተገነጠለ ሉክ ግድግዳ ያስጌጥ እንደሆነ እንጂ ማስረጃ ሆኖ አይቆምም፤ ስብስብ መባል የሚገባው ሙሉውን ጥራዝ የያዘው ነው።

የቀበሮው ሉክ ከመጽሐፉ ወጥቶ በመስታወት ክፈፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ጎረቤቱ ምናልባት ቀይ ኮት የለበሱ ፈረሰኞች ከውሾቻቸው ጋር ቀበሮ የሚያሳድዱበት፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ አልከን በብዛት የሠራው ዓይነት የአደን ሥዕል ይሆናል። ተመልካቹም ሁለቱን አንድ እንስሳ አድርጎ ያያቸዋል። ስሕተቱ ሰፊ ሥር አለው፤ እንግሊዝኛው ራሱ ለረጅም ዘመን «የስሜን ቀበሮ» ሲለው ኖሮ፣ ለተኩላ እንደሚቀርብ በዘረመል ጥናት የተረጋገጠው በ1990ዎቹ ነው። በአማርኛ ዋልጌ የሚል ስምም ተመዝግቦለታል። ስምና መገኛ ቦታ የሚነበቡት በጽሑፉ ውስጥ ስለሆነ ሥዕሉን የሚገነጥል ሰው እነሱን ጥሏቸው ይሄዳል። ቀለሙም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። በዚያ ዘመን መስመሩ በድንጋይ ይታተምና የውኃ ቀለሙ በእጅ ይቀባ ነበር፤ ስለዚህ ቅላቱ ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። የትኛው የእንስሳው፣ የትኛው የቀቢው እንደሆነ ለመለየት ሙሉ ቅጂዎችን ማስተያየት የግድ ነው።

የአዳኙን የዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስን ነገር ብንወስድ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል። ሃሪስ የደቡብ አፍሪካን የአደን እንስሳት የሣለበትን ባለ 30 ሥዕል ጥራዝ በ1840 ለንደን ላይ አሳተመ፤ በዓመቱ የእንግሊዝ መልእክተኞችን መርቶ ሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ገባ። ሠዓሊው ዮሐን ማርቲን በርናትስም አብሮት ነበር። በርናትስ በ1852 ያወጣው ሥራ ሁለት ቅጽ ነው፤ አንደኛው የአፋርን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ይዟል። ከሀብሩ ሜዳ በመርሳ አልፎ፣ ወልድያ ደርሶ ወደ ላስታ የሚወጣ ሰው አየሩና አዝመራው እርከን በእርከን ሲለወጥ ያያል፤ የበርናትስ ቅደም ተከተልም እንዲህ ያለውን አቀበት ነው የሚያስነብበው። ከመካከሉ አንዲት ሉክ ብትወጣ ያማረ መልክዐ ምድር ትቀራለች፣ አቀበቱ ግን ይጠፋል።

የአደን ጥራዞች የኃያላን ግዳይ ማሳያ ናቸው፣ ምን ያደርጉልናል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ትችቱ እውነት አለው። ነገር ግን የአዳኙ ትዕቢት የሚጋለጠው በራሱ መግቢያና መግለጫ ነው፤ ሥዕሉን ነጥሎ የሚሰቅል ሰው ትዕቢቱን ሸፍኖ ውበቱን ብቻ ያወርሳል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ፣ የገዛ ብራናዎቻችን እየተሸነሸኑ ለባዕድ ሲሸጡ ስለ ፈረንጅ ጥራዝ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ቅድሚያው ለብራናው መሆኑን እቀበላለሁ፤ ሁለቱን የሚቆርጠው ምላጭ ግን አንድ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ባለ ሥዕል ወንጌል ዘመኑን በእርግጠኝነት ሊመሰክር የቻለው ሥዕሉና የስጦታው ማስታወሻ በአንድ ጥራዝ አብረው ስለ ኖሩ ነው።

እንደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ውድ ጥራዝ ለመግዛት አቅም ላይኖረው ይችላል። ከሽፋን እስከ ሽፋን የተነሣ ዲጂታል ቅጂ ግን፣ የወረቀቱንና የስፌቱን ምስክርነት ባይተካም፣ በክፈፍ ካለ እውነተኛ ሉክ ይልቅ ለተመራማሪ ይጠቅማል። የሩፔልን ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ ይዞ አቡነ ዮሴፍ ላይ የወጣ ተማሪ ከእረኞቹ የሚጠይቀው ብዙ አለው፦ ስሙን፣ መዋያውን፣ ጓሳው ወዴት እንደ ሸሸ፣ ከመንደር ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ መቼ እንደ ታየ።