የተረት ሰዓት በልጆች ቤተ መጻሕፍት፤ ስለ ተራኪው ሥልጠና የቀረበ ሂስ

በልጆች ቤተ መጻሕፍት ለሚሠሩ ሰዎች የተረቱን ሰዓት እንዴት እንደሚመሩ የሚያስረዳ መመሪያ ዛሬ በብዛት ይጻፋል። ነገር ግን አብዛኛው የሐሳብ ዝርዝር ነው፤ ይህን መዝሙር አዘምሩ፣ ከካልሲ አሻንጉሊት ሥሩ፣ ሥዕል አስቀቡ ይላል። ሠራተኛውም ዝርዝሩን ተቀብሎ ሰዓቱን ይሞላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ትምህርት ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያጎድል መመርመር ነው። በእኛ አስተያየት የተረት ሰዓት የሚመዘነው ተራኪው ባቀረበው ነገር ብዛት ሳይሆን ልጁ በሚሰጠው መልስ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ከሁሉ በፊት ሊማር የሚገባው መልስ መቀበልን ነው።

ስለዚሁ ጉዳይ የተመራመሩት ሰዎች ሁሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። እንግሊዛዊቱ ተራኪ ማሪ ሼድሎክ እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ተራኪ ጥበብ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ልጆችን በጥያቄ ለማሳተፍ መሞከርን ተራኪው ሊጠነቀቅባቸው ከሚገቡት አደጋዎች አንዱ አድርጋ ቈጥራዋለች፤ ሥዕልና ማብራሪያ ማብዛትንም እንዲሁ ነቅፋለች። ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ተቃራኒ የሚመስል ውጤት አወጡ። ወላጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ «ይህ ምን እያደረገ ነው? ከዚያስ ምን ይሆናል?» እያሉ እንዲጠይቁና የልጁን መልስ አስፍተው እንዲመልሱለት አስተማሩ። ከአራት ሳምንት በኋላ እነዚህ ልጆች እንደ ወትሮው ሲነበብላቸው ከቆዩት ይልቅ በንግግር ችሎታ በልጠው ተገኙ።

ታዲያ የትኛው ወገን ትክክል ነው? እንደሚመስለን ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተናገሩት ግን ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ነው። ሼድሎክ የምትናገረው መጽሐፍ ሳይያዝ በቃል ስለሚነገር ተረት ነው፤ እንዲህ ያለው ተረት በመካከሉ ከተቋረጠ ይፈርሳል። ኋይትኸርስት ያጠናው አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ ነው፤ ገጹ ስለሚጠብቃቸው ቆም ብለው ቢነጋገሩ የሚጠፋ ነገር የለም። ብዙዎቹ መመሪያዎች ግን መንገርንና ማንበብን ቀላቅለው አንድ ያደርጓቸዋል፤ አንድ ልጅ ይዞ መቀመጥና ሠላሳ ልጅ ፊት መቆምም አንድ እንዳልሆነ ይዘነጋሉ።

ለምሳሌ የማሞ ቂሎን ተረት እንውሰድ። ማሞ እናቱ ስለ ትናንቱ ስሕተት የመከረችውን ለዛሬው ሌላ ነገር ያውለዋል፤ ለሳንቲም የተነገረውን በወተት ላይ ይፈጽመዋል። ይህን ተረት በቃል የሚነግር ሰው መጠየቅ አያሻውም፤ ልጆቹ ራሳቸው የሚመጣውን አውቀው አስቀድመው ይስቃሉ፤ ሳቃቸውም መልስ ነው። መጽሐፉን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ግን ገጹን ከመግለጡ በፊት «አሁንስ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ብሎ ቢጠይቅና ጥቂት ዝም ቢል መልካም ያደርጋል። የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው፤ ይህንንም ከዝርዝር ላይ አንብቦ መማር አይቻልም።

የእኛ አገር ልማድ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ማታ እሳት ዳር ተረት ከመነገሩ በፊት እንቆቅልሽ ይቀርባል፤ ልጁ መመለስ ግዴታው ነው፤ ቢያቅተው አገር ይሰጣል። ተረቱም ሲጀመር አድማጩ ለተራኪው ጥሪ የሚመልሰው የታወቀ ቃል አለው። ስለዚህ የመልሱ ስፍራ ከተረቱ በፊትና በተረቱ መግቢያ ላይ ተወስኗል፤ ተረቱ ራሱ ሳይቋረጥ ይነገራል። ይህ የሼድሎክን ሥጋትና የኋይትኸርስትን ግኝት የሚያስታርቅ ሥርዓት ነው።

ይህ ልማድ ወደ ቴሌቪዥን ሲገባ አንድ ነገር አጣ። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመት ያህል ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነግረዋል፤ በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስና ከዚያም በኋላ ውለታቸው አልተረሳም። ነገር ግን በየቤቱ ተቀምጦ የሚያያቸው ልጅ የሚመልሰውን ሊሰሙ አይችሉም ነበር። ቤተ መጻሕፍት ከቴሌቪዥን የሚበልጠው በዚህ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሠራተኛው እንደ ቴሌቪዥን ከተናገረ ግን ያን ብልጫ በገዛ እጁ ይጥለዋል።

ስለ ሥልጠናው ዘዴም የምንለው አለ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ክፍሎች ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታደሰው ትምህርት መነጋገርን፣ መዘመርን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መጫወትን አምስቱ ተግባራት ብሎ ያስተምራል። ትምህርቱ ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ አምስቱን በየተራ ምልክት እያደረጉ ማለፍ ግን ሥራውን ሠራን ለማለት አያበቃም። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ40 ቤተ መጻሕፍት የተካሄደው ጥናት ነው። ከሠራተኞቹ ገሚሱ የሚያደርጉትን አስበው እንዲያደርጉ፣ ልጆቹን እንዲያሳትፉና እርስ በርሳቸው እንዲማማሩ ሠለጠኑ። በነሱ የተረት ሰዓት ልጆቹ ይበልጥ ሲናገሩና ሲሳተፉ ታይተዋል።

ጉዳዩ ለአገራችን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ፈተና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ አላነበቡም። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በሾላ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲያስከፍቱ፣ የማሞ ቂሎንም ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ የተገነዘቡት ይህንኑ ችግር ነው። ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ከተተረተለት ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ጨዋነት ነው ብለን እንዳንሳሳት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲታሰብበት እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሠራተኛው መንገርንና ማንበብን ለየብቻ ይማር። ሁለተኛ፣ እንቆቅልሽና ተረት ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ ኦሮምኛም ሆነ ትግርኛ ወይም ሌላ፣ ከአረጋውያን ተሰብስቦ የሥልጠናው መጽሐፍ ይሁን። ሦስተኛ፣ የአንድ ቀን ስብሰባ ብቻውን አይበቃምና፣ ሁለት ሠራተኞች በየወሩ አንዱ የሌላውን የተረት ሰዓት ተቀምጦ ይመልከት፤ የሚመዘግበውም ተራኪው ያለውን ሳይሆን ልጆቹ የመለሱትን ይሁን። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና በባልደረባ ፊት ለመታየት መድፈርን ነው።