የሐሳብ ካርታ ሶፍትዌር፦ ጥቅሙና ወሰኑ

ፍሪማይንድ ሐሳብን በካርታ መልክ ለማደራጀት የሚያገለግል ነጻ ሶፍትዌር ነው። ዋናው ጉዳይ በመካከል ይሰፍራል፤ ንዑሳን ሐሳቦችም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከእርሱ ይወጣሉ። ቅርንጫፎቹን ማጠፍ፣ መዘርጋትና ማዛወር መቻሉ በወረቀት ላይ አድካሚ የነበረውን እርማት ያቀልላል፤ ይህም የሚመሰገንበት ነው።

ጉድለቱ የሚገለጠው ለውስብስብ ችግር ሲውል ነው። ለአብነት ያህል፣ ታዴየስና ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 የእናቶችን ሞት ለማብራራት ሦስት መዘግየቶችን አቅርበዋል፤ እነርሱም ሕክምና ለመሻት በመወሰን፣ ጤና ተቋም በመድረስና በተቋሙ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚታዩ ናቸው። የመንገድ ርቀት ሁለተኛውን ብቻ ሳይሆን፣ ቤተሰቡን ገና ከመነሻው በማሳነፍ የመጀመሪያውንም ያስከትላል። በሶፍትዌሩ ግን እያንዳንዱ ሐሳብ የሚወጣው ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ሁለቱን በቀስት ማያያዝ ቢቻልም፣ ቀስቶቹ ሲበዙ ካርታው ይጨናነቃል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ለኅትመት የበቃ፣ በለንደን በ50 የሕክምና ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ የሐሳብ ካርታ የተጠቀሙት ከሳምንት በኋላ ያነበቡትን በተሻለ ሁኔታ ማስታወሳቸውን አመልክቷል። ማስታወስ ግን ችግርን መፍታት አይደለም። የትኛው መንስኤ እንደሚያመዝን የሚለየው የተሰበሰበ መረጃ እንጂ የቅርንጫፎቹ ውበት አይደለም። ስለሆነም ካርታው የውይይት መነሻ እንጂ የውሳኔ ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።