ካስክ ስር ያለችው ደንበኛ

የቀጠሮ መያዣ መተግበሪያ ከሶፍትዌር ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ ሰዓት፤ አለቀ። እንደ ክሎድ ኮድ ወይም ከርሰር ላለ ኮድ ጸሐፊ መሣሪያ «ለሴቶች ፀጉር ቤት ቀጠሮ መያዣ ሥራልኝ» ብሎ ለጻፈ ሰው ቡናው ሳይፈላ ቅጹም፣ ዳታቤዙም፣ የአስተዳዳሪው ገጽም ተደርድረው ይጠብቁታል። ደግሞም ይሠራል። የሚሠራው ግን ለሌላ አገር ሱቅ ነው።

አዲስ አበባ ላለ አንድ የውበት ሳሎን ይህን ሥራ ስጀምር መሣሪያው መጀመሪያ ያመጣልኝ ፕሮግራም ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት፣ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነበር። ቀኑ በሠላሳ በሠላሳ ደቂቃ ተሸንሽኗል። ደንበኛዋ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ካልሞላች አታልፍም። ማረጋገጫው በኢሜይል ይሄዳል፣ ክፍያው በክሬዲት ካርድ ነው። ከነዚህ አንዱንም አላዘዝኩም። የሳሎኑ ዋና ገበያ ቅዳሜ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ዝም ያልኩበትን ቦታ ሁሉ ከተማረበት ልማድ ሞላው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ስለማስጻፍ የማስበው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። መሣሪያው ባዶ ቦታ አይተውም። ባለሙያው አሁን ገንዘብ የሚከፈለው ባዶው ቦታ የቱ ጋ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ «ቫይብ ኮዲንግ» የሚል ስም ያወጣለት አሠራር አለ፦ ኮዱን ሳያነቡ፣ የሚፈልጉትን እየተናገሩ፣ የመጣውን እየተቀበሉ መሄድ። ለቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ እኔም እወደዋለሁ። የሰው ቀብድ ለሚቀበል ፕሮግራም ግን አይሆንም። «ታዲያ ለምን የተዘጋጀውን አትገዛም?» ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው፦ ካልንድሊን የመሳሰሉት የቀጠሮ አገልግሎቶች በአብዛኛው በዶላር ይከፈልባቸዋል፣ የተሠሩትም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የሳሎኑ ባለቤት ቀጠሮ የሚይዙት በደብተር ነው። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ የሠራተኛዋ ስም፣ በቀኝ የደንበኛዋ ስም ከስልኳ የመጨረሻ ቁጥሮች ጋር። አንዳንዱ ስም ሥር አንድ መስመር ተሰምሯል፣ ቀብድ ከፍላለች ማለት ነው። ሁለት መስመር ያለባት ሙሽራ ናት። ያልገባኝ ከአንዱ ስም ተነስቶ ታች ወዳለው ሌላ ስም የሚሄደው ቀስት ነበር። ጠየቅኳቸው።

«ይቺ ካስክ ስትገባ ልጅቷ እጇ ባዶ ነው፤ ያቺን ትጀምርላታለች» አሉኝ። «አለዚያማ ቁጭ ብላ ልትጠብቃት ነው? እኔ ደመወዝ ከየት እከፍላለሁ?»

መሣሪያው ቀጠሮን የሚያውቀው በመጀመሪያና በመጨረሻ ነው፤ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የተያዘ አንድ ጡብ። ለጥርስ ሐኪም ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን ፀጉሯ ታጥቦ በቢጎዲን የተጠቀለለላት ደንበኛ ማድረቂያው ካስክ ስር ስትቀመጥ የተያዘው ማሽኑ ነው፣ ሠራተኛዋ ነፃ ናት። ስትወጣ ደግሞ ለማበጠር ያቺው ሠራተኛ ታስፈልጋለች፤ ሌላዋ ብታበጥራት ደንበኛዋ ቅር ይላታል። ሹሩባ በተቃራኒው ማሽን አይፈልግም፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጅ አይለቅም፣ ሲቸኩሉ ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ራስ ላይ ይቀመጣል። አንዱን ጡብ ወደ ደረጃዎች መከፋፈል ነበረብን፤ እያንዳንዱ ደረጃ ማንን እንደሚይዝ፣ የትኛውን ወንበር፣ የትኛውን ማሽን፣ ስንት ደቂቃ።

ይህን በአማርኛ አንድ አንቀጽ አድርጌ ጻፍኩለት፤ ተረዳኝ። (አማርኛ ይሰማሉ፣ ከጠበቅኩት በላይ። ፊደላችን ግን እነዚህ ሞዴሎች ውስጥ ከላቲኑ ይልቅ በብዙ ቁራጭ ስለሚሰባበር ሒሳቡ ይንራል፤ ስለዚህ የሱቁን ደንብ በአማርኛ፣ የኮዱን ጣጣ በእንግሊዝኛ እያደረግኩ እለያለሁ።) ሠንጠረዦቹን እንደ አዲስ አዋቀረ፣ የአስተዳዳሪውን ገጽም ለወጠ። በእጄ ብጽፈው ሳምንት የሚበላኝን ነገር ሻይ እየጠጣሁ ጨረስኩት ብል አላጋነንኩም። ቀስቱን ግን ከደብተሩ ውስጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እርሱ እዚያ ሳሎን ቢቀመጥ ኖሮ ሳያየው አይቀርም ነበር፣ ግን አልተቀመጠም።

ሰዓቱ ሌላ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ዩቲሲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በአፋችን የምንጠራው ሰዓት ደግሞ ፈረንጁ ከሚጠራው በ6 ያንሳል። መሣሪያው እነዚህን ሁለቱን አጣመረና አንድ ዘዴ አመጣልኝ፦ አገሪቱን ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ እንደቀረች አድርጎ መቁጠር። ሳየው ሳቅኩ፤ ብልጠት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ልክ 3 ሆኖ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ አንድም ስሕተት አታገኙበትም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብቻ የሚሠራ ሱቅ ቢሆን ማንም ሳያውቀው ዕድሜ ልኩን ይኖር ነበር።

ሙሽራ ግን በሌሊት ትመጣለች። በጥር የሰርግ ሰሞን ሳሎኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት አብርቶ ሜካፕ ይሠራል፤ ሚዜዎቹ ወንበር ላይ ያንጎላጃሉ። በመሣሪያው ዘዴ ዕለቱ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ ነው። ስለዚህ እሁድ ለምታገባ ልጅ የተያዘው ቀጠሮ «ቅዳሜ፣ ሌሊት 9፡00» ተብሎ ይወጣል። አያቴ ብታነበው ትክክል ነው ትላለች፤ የእሷ ሌሊት የሚቆጠረው ካለፈው ቀን ጋር ነው። ስልኳ ላይ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ የሚለወጥባት ሙሽራ ግን አንድ ቀን ቀድማ ልትመጣ ትችላለች። መፍትሔው ከኮድ አልመጣም፤ የሳሎኑ ሠራተኞች ስልክ ሲያነሱ ሁልጊዜ የሚሉት ነው፦ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት»። አሁን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለ ቀጠሮ ሁሉ በሁለት ዕለት ስም ይጻፋል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ንጹሕ ዩቲሲ ነው፤ ያ ብልጠት ተሰርዟል።

የዘመን አቆጣጠሩም የራሱን መፈተኛ ቀኖች ይፈልጋል። መሣሪያው ቀን መለወጫውን በራሱ ስሌት ጽፎ «ተፈትኗል» ሲል፣ የፈተነው የፈረንጁ ዓመት እንደተለመደው በሚሄድባቸው ቀኖች ነበር። እኔ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ሰጠሁት። ይህ ቀን ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው፤ እንቁጣጣሹ በ12 ዋለ። ከዚያ ጥምቀትን ሰጠሁት፦ ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ላይ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ደግሞ ጃንዋሪ 19 ላይ ነው። ሴፕቴምበር 11ን እንደ ቋሚ አዲስ ዓመት የያዘ ስሌት እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ተሰበረም። የጃቫስክሪፕት የራሱ የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አብሮ ይዟል፣ ስለዚህ በገዛ እጅ ማስላት አላስፈለገም። መሣሪያው ይህን ያውቃል። እስኪጠየቅ ግን አያነሳውም።

እስኪጠየቅ የማያነሳው ሌላም አለ፣ ከሁሉም የከፋው። ሁለት ደንበኞች በአንድ ቅጽበት አንድ ሰዓት ቢነኩስ? የመጣልኝ ኮድ መጀመሪያ «ነፃ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነፃ ከሆነ ይመዘግባል። ሲነበብ ጥሩ ይመስላል። በጥያቄውና በምዝገባው መሐል ግን ቀጭን ክፍተት አለች፤ ሁለቱም ጠይቀው ሁለቱም «ነፃ ነው» የሚል መልስ ያገኙባታል። ሁለት ጥያቄዎችን እኩል የሚለቅ መፈተኛ አስጻፍኩት፤ ለሁለቱም «ቀጠሮዎ ተይዟል» አለ። በዕንቁጣጣሽ ሰሞን ይህ ጸብ ነው።

መከላከያው ኮዱ ውስጥ ሳይሆን ዳታቤዙ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ ከ9.0 ዕትሙ ወዲህ፣ ተደራራቢ መዝገብን የሚከለክል ደንብ አለው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጊዜ ክልልን እንደ አንድ ነገር መያዝ ተጨመረበት። አንዲት ሠራተኛ ወይም አንድ ካስክ በተደራረበ ጊዜ ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ አንድ መስመር ይበቃል። ጥንቃቄው ጫፉ ላይ ነው፦ ክልሉ መነሻውን ይጨምራል፣ መድረሻውን አይጨምርም። ካልሆነ 4 ሰዓት ላይ የምታልቀውና 4 ሰዓት ላይ የምትጀምረው ይጋጫሉ። ደንቡን ስጠቁመው መሣሪያው በሰከንዶች ውስጥ ጻፈው፤ ስለ ጫፉም ራሱ አብራራልኝ።

ወደ ቀብድ ስንመጣ ነገሩ ከኮድ ወጥቶ የሱቅ ጠባይ ይሆናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ቀብድ በስልክ መላክ የተለመደ ነው፤ ካርድ የሚለው ክፍል እንዳለ ወጣ። ደንበኛዋ እስክትከፍል ድረስ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ተይዞ ይቆያል፣ ካልከፈለች ይለቀቃል። የክፍያ ሥርዓቶች ደግሞ አንዱን ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ሊልኩ ስለሚችሉ፣ የአንድ ክፍያ መለያ ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ዝም ብሎ ማለፍ ግድ ነው። እስከዚህ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሰዓቱ ተለቅቆ፣ ሌላ ሴት ይዛው፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ብር ቢገባስ? መሣሪያው ወዲያው ብሩን የሚመልስ ኮድ ጻፈ። የሳሎኑን ባለቤት ብጠይቃቸው ተቆጡ። «ለምን እመልሳለሁ? ደውዬ ሌላ ሰዓት እሰጣታለሁ እንጂ! ብሬን መለሱብኝ ብላ ጎረቤት ልትሄድ ነው እኮ።» አሁን እንዲህ ያለው ክፍያ ቀይ ሆኖ ገጻቸው ላይ ይወጣል፤ አጠገቡ የስልክ ምልክት አለ። ማሽኑ ሌላ ምንም አያደርግም።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዝ አንድ የስልክ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ሰላምታ የመጀመሪያው ተሰናባች ሆነ። ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችም አሉ፤ የድሮ ናሙና የተማረ ኮድ 09ን ብቻ ይቀበላል። ሠላምን ሲፈልጉ ሰላም እንድትገኝ፣ ፀሐይን ሲፈልጉ ጸሀይ እንድትመጣ ሞክሼ ሆሄያትን ለፍለጋ ብቻ አንድ ማድረግ ያሻል፤ ማሳያው ላይ ግን ልጅቷ እንደጻፈችው ይቀራል፣ ስሟ ነውና። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የደንበኞችን እውነተኛ ስምና ስልክ ለመሣሪያው እንደ ናሙና መለጠፍ ድሮም ነውር የነበረውን ሕገ ወጥም ሊያደርገው ይችላል። የምፈትነው በፈጠራ ስም ነው።

አንድ ጠባዩን ግን ሳልናገር አላልፍም። መፈተኛው አልተሳካ ሲለው፣ ኮዱን ከማረም ይልቅ መፈተኛውን ራሱን ለማለዘብ የሚሞክርበት ጊዜ አለ። የጳጉሜን መፈተኛ ሲወድቅበት ቀኑን በአንድ ቀን ገፋ አድርጎ «ሁሉም አልፏል» ብሎ ሊያበስረኝ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያነበው የደንብ ፋይል ላይ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ መፈተኛዎቹን ሳታስፈቅድ አትንካ። ለውጡን በትንሽ በትንሹ ነው የማስቀምጠው፣ መፈተኛ የተነካበትን ደግሞ ቀድሜ ነው የማነበው። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ኮዱን አንብበው መፈተኛውን ያልፉታል፤ እኔ ቢቸግር ቢቸግር ተቃራኒውን እመርጣለሁ፤ የሱቁ ደንብ የተጻፈው እዚያ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው የትንሣኤ ሰሞን ነው። በዋዜማው ሳሎኑ በር ላይ ሰልፍ ነው፤ እናት ሦስት ሴት ልጆች ይዛ ትመጣለች፣ ሁሉም ሹሩባ። ቀጠሮ ያላት ደርሳ ቀድማ ልግባ ስትል ከጠዋት የተሰለፈችው አታስገባትም። መሣሪያውን «ቀጠሮና ወረፋ እንዴት ላስታርቅ?» ብዬ ስጠይቀው የተወሳሰበ የቅድሚያ ነጥብ ስሌት አቀረበልኝ፣ ከነሠንጠረዡ። ለሳሎኑ ባለቤት ሳስረዳቸው መሐል ላይ አስቆሙኝ።

«ዋዜማ ቀጠሮ የለም። ዝጋው።»

ቅንብሩ ውስጥ አሁን «ዋዜማ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሲበራ መተግበሪያው የዚያን ቀን ሰዓቶች ሁሉ ይደብቅና «ዛሬ በወረፋ ነው፣ ማልደው ይምጡ» ይላል። የሙሽሮችን ሰዓት ብቻ አይነካም።