«ከዳ» እና «ባንዳ»፦ ስለ ሁለት ቃላት አጠቃቀም

«ከዳ» እና «ባንዳ» በአማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። «ከዳ» ግሥ በመሆኑ ባለቤትና ተሳቢ ይሻል፤ ማን፣ ማንን፣ መቼ ከዳ ተብሎ ይጠየቃል። ወታደር ሠራዊቱን፣ ወዳጅ ወዳጁን ይከዳል፤ አቀበት የበረታበት መንገደኛም «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል። ያልታመነ ከዳ አይባልምና፣ ቃሉ እምነት በተጣለበት በኩል የሚመጣን አደጋ ያመለክታል።

«ባንዳ» በአንጻሩ ስም ነው። በኢጣልያንኛ ጓድ ወይም ቡድን ማለት ሲሆን፣ ቅኝ ገዢው ኃይል ከአገሬው ሰው መልምሎ ላደራጀው ኢመደበኛ ጦር መጠሪያ ነበር። ነውሩን ያለበሰው የኢትዮጵያ ሕዝብ የደረሰበት መከራ ነው።

ዛሬ የሮማናት አደባባይ የሚገኝባት መቀሌ ለዚህ ምስክር ናት። የምሥራቅ ትግራይ ገዢና የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማች የነበረው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ፣ ወረራው በመስከረም 1928 ዓ.ም. በተጀመረ በቀናት ውስጥ ለጠላት ገባ፤ ጥቅምት 28 ቀንም የኢጣልያ ጦር መቀሌን ያዘ። በዚህ ላይ አድራጊው፣ የተከዳው ወገንና ጊዜው ስለሚታወቁ ግሡም ስሙም ይስማማሉ።

አብርሃ ደቦጭ ግን ስሙን ይፈትነዋል። በአዲስ አበባ በኢጣልያኖች መሥሪያ ቤት ያገለግል ስለ ነበር፣ በቅጥሩ ብቻ ቢመዘን ከባንዳ ጎራ በተደመረ ነበር። ሆኖም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞገስ አስገዶም ጋር በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወረ። ለኢጣልያ ከዳተኛ፣ ለኢትዮጵያ ጀግና ሆነ። «ማንን ከዳ?» የሚለው ጥያቄ ባይነሣ ኖሮ ይህ እውነት ተሰውሮ በቀረ ነበር።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ አጎራባች ክልሎች በተስፋፋው ጦርነት «ባንዳ» እና «ከሐዲ» በተፋላሚዎቹ ወገኖች አንደበት ተመላለሱ። ሰው በፈጸመው ተግባር ሳይሆን በትውልዱ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዝምታው ሲሰየም፣ አደጋን ይጠቁም የነበረው ቃል ራሱ አደጋ ይሆናል። ስሙ ፍርዱን ስለሚያስቀድም ማስረጃ የሚጠይቅ አይገኝም፤ እውነተኛው ከሐዲም በስም ጋጋታ መካከል ይሸሸጋል።

የኪነት ሰውና የመምህሩ ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባንዳን በመድረክ የሚያቆም ደራሲ ሰውየው ምን ታምኖበት እንደ ነበርና እንዴት እንደ ከዳ ሊያሳይ ይገባዋል። ገጸ ባሕርዩ በስሙ ብቻ ከተፈረደበት ተመልካቹ ያወግዛል እንጂ አይማርም፤ ክህደት በራሱ ደጃፍ በቆመ ጊዜም መልኩን አይለይም።