የእንዝርት ሚዛን

ቀልጣፋ ሴት «እንደ እንዝርት ትሾራለች» ትባላለች። እንዝርቷን ራሷን ግን ልብ ብሎ የሚያያት የለም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ራሷ አጠገብ የተሰካች ክብ፣ ጫፏ ላይ ክሩን የምትይዝ ትንሽ የብረት መንጠቆ፤ በቃ ይኸው ናት። እኔ ግን ከብዙ ጌጠኛ የእጅ ሥራ ይልቅ እሷን አደንቃለሁ፤ ትርፍ ነገር የላትምና።

ከዘንጉ እንጀምር። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ዙሪያው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፈታይዋ በመዳፏ ገፍታው ጭኗ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ቢንከባለል፣ ገና አየር ላይ ሳይወጣ 8 ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ኖሮ በዚያው መንገድ የሚዞረው 4 ጊዜ ብቻ ነበር። ጠራቢው ዘንጉን የሚያቀጥነው እንዲያምር ብሎ ብቻ አይደለም፤ አንዲት የእጅ ምት ብዙ ዙር እንድታወጣ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ክቧ ላይ ነው። ኒውተን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያውን የእንቅስቃሴ ሕግ ሲያብራራ ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ዙሩን የሚቀንሰው አየሩ ነው ባይ ነው። እንዝርትን ከአየሩ ሌላ፣ እየከረረ ሊመልሳት የሚታገለው ክርም ያዘገያታል። ይህን ለመቋቋም ክብደት ያስፈልጋታል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የጥጥ ጭረት ብዙውን ጊዜ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አትረዝምም፤ በቅጡ ያልከረረ አመልማሎ ላይ ከባድ ነገር ቢንጠለጠል ይበጠሳል። እንዝርቷ ብትከብድ ክሩን ትበጥሳለች፤ ብትቀል ቶሎ ትቆማለች።

መላው ክብደት መጨመር ሳይሆን ያለውን ክብደት ከዘንጉ ማራቅ ነው። አንድ ግራም ከመሐሉ በእጥፍ ሲርቅ፣ መዞሩን አልተውም የማለት እምቢታው አራት እጥፍ ይሆናል። ጎበዝ ሠሪ ይህን ሳይጽፍ በእጁ ያውቀዋል፤ ክቧን ሰፋ ግን ሳሳ ያደርጋታል፣ ቀዳዳዋንም ልክ መሐሏ ላይ ይበሳል። ቀዳዳው በጥቂቱ እንኳ ከመሐል ቢስት እንዝርቷ እየተንቀጠቀጠች ዙሯን በከንቱ ትጨርሳለች። ዘንጉ ላይ የሚጠመጠመው ፈትልስ? እሱ ከመሐሉ ስለማይርቅ ክብደት ይጨምራል እንጂ ዙሩን እምብዛም አይረዳም፤ ልቃቂቱን ሳይከብድ ማውረድ ነው።

የቀረው የፈታይዋ ሙያ ነው። በአንድ እጇ አመልማሎውን ይዛለች። እንዝርቷ ከጭኗ ተወርውራ ክሩ ላይ ተንጠልጥላ ስትሾር፣ ክረቱ ሽቅብ ወደ ጣቶቿ ይወጣል። ክረት ቀጭኑን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ወፍራሙ እንደላላ ይቆያል። ያንን ልል ቦታ ሳብ ታደርገዋለች፤ ሲቀጥን ተራው ደርሶ እሱም ይከርራል። ክሩ እኩል የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ግማሹን ሥራ ክሩ ራሱ ይሠራዋል፣ እሷ የቱ ጋ መሳብ እንዳለባት ታውቃለች። ከዚያ እንዝርቷ ትዘገያለች፣ ለአፍታ ትቆማለች፤ ካልተያዘች የከረረው ክር ወደኋላ ያዞራትና የተፈተለውን ያላላዋል። ጥሩ ፈታይ ያቺን አፍታ አታሳልፋትም። ዓይኗ ደግሞ እንዝርቷ ላይ እንኳ አይደለም፤ ከጎረቤቷ ጋር ወሬ ይዛለች።

ዛሬ ለድሩ የፋብሪካ ክር የሚጠቀም ሸማኔ ብዙ ነው፤ ለማጉ ግን የእጅ ፈትል የሚመርጥ አልጠፋም። ስለዚህ እንዝርት አሁንም ገበያ ላይ አለች። ልትገዙ ከወጣችሁ በጌጧ አትታለሉ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አሹሯትና የታች ጫፏን ተመልከቱ፤ እየዋለለ ክብ የሚሠራ ከሆነ መልሷት፣ ባለችበት የምትዞረውን ውሰዱ።