«ተገቢው ጥንቃቄ»

ክረምት በገባ ቁጥር ከሬዲዮ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል «ኅብረተሰቡ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ተጠየቀ» የምትለዋ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በቀይ እስክሪፕቶ ስሰርዛት የኖርኩ ዓይነት ናት። ጠያቂ የላትም፤ ተጠያቂዋም ሰው ሳይሆን «ኅብረተሰቡ» ነው። መብረቅ ደግሞ ኅብረተሰብን መትቶ አያውቅም፤ የሚመታው ገበሬውን፣ እረኛውን ነው።

ለመሆኑ «ተገቢው» የትኛው ነው? እኔ ባደግሁበት መንደር ተገቢው ጥንቃቄ ቀይ ልብስ ማውለቅና መስተዋት መሸፈን ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ሮጦ ዛፍ ሥር መግባት። የአጎቴ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለብቻው የቆመ ዋርካ ሥር ከሦስት ላሞች ጋር ወድቆ ተገኘ። የደረሱት ሰዎች «እሳቱ ገና በውስጡ አለ» ብለው አልነኩትም፤ አፈር አለበሱት። መብረቅ የመታው ሰው ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ እንደሌለ፣ አብዛኞቹ ተመቺዎች እንደሚተርፉ፣ የሚሞቱትም በአብዛኛው ልባቸው ስለሚቆም ወዲያው ደረታቸውን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ሊያድናቸው እንደሚችል ያነበብኩት ጎልምሼ ነው። እናቱ ይህን እንድትሰማ አልፈልግም።

በቅርቡ አንድ በራሪ ወረቀት እጄ ገባ። ይኼኛው መቼም ግስ አለው፤ «ከመዋኛ ገንዳ ውጡ»፣ «መኪናችሁ ውስጥ ግቡ» ይላል። ምክሩ ስህተት የለበትም። ጣሪያው ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው፤ ፍሰቱ በአካሉ ዙሪያ ወደ መሬት ይወርዳል። እረኛው ግን የማን መኪና ውስጥ ይግባ? ጎጆም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በዛሬዋ ዚምባብዌ አንድ ጎጆ ውስጥ የነበሩ 21 ሰዎችን አንድ መብረቅ ጨርሷቸዋል።

ለእረኛው የሚነገር ነገር ሞልቷል። ብልጭታው ከታየ እስከ ነጎድጓዱ ይቁጠር፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይቆጥር ካጉረመረመ ከብቶቹን ከጉብታው አውርዶ ወደ ሰፈር ይንዳ። ሜዳ ላይ ከተያዘ ከዛፉም፣ ከሽቦ አጥሩም፣ ከላሞቹም ይራቅ፤ አይተኛ፣ እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል። አስተማማኝ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ስለሌለው ነው። ላም የምትጎዳው አንድም የፊትና የኋላ እግሯ ስለሚራራቅ ነው፤ በመሬት የሚሄደው ፍሰት በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ወረቀቱ ያልገባው ትልቁ ነገር ግን በረዶው ነው። መብረቅን ገጽ 2፣ በረዶን ገጽ 3 ላይ አስቀምጧቸዋል። ሰማዩ እንደዚያ አይከፋፍላቸውም። ልጁን ዛፍ ሥር የሚያስገባው እኮ መብረቁ አይደለም፤ ራሱን የሚቀጠቅጠው በረዶ ነው! በረዶም ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ሕንድ ውስጥ ሞራዳባድ አካባቢ 246 ሰው ጨርሷል። ቢሆንም እኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው እብጠትና ቁስል ነው፤ የዛፉ ዕዳ ይከፋል። «ልጄ፣ ገሳህን ራስህ ላይ ደርብ፣ በረዶው ይምታህ፣ ዛፉን ግን ተወው» የሚል አንድ መስመር ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ገጽ 4 ላይ የአዘጋጆቹ ምስጋና ሰፍሯል።