የመስቀል ዐደባባይ ደረጃዎች፦ ቅርፅና ይዘት

በአንድ ሥዕል ወይም በአንድ ተውኔት ላይ ሂስ ቢሰነዘር የሚደነቅ የለም። ዐደባባይ ግን በብዙ ሕዝብ ዐይን የሚታይ፣ ይልቁንም በብዙ ሕዝብ እግር የሚረገጥ የጥበብ ሥራ ሆኖ ሳለ ሐያሲ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

የመስቀል ዐደባባይን ያወቅነው በደረጃዎቹ ነው። አብዮት ዐደባባይ ይባል በነበረበት ዘመን ለሰልፍ ተመልካች የተደረደሩት እነዚህ ደረጃዎች ኋላ ሌላ ተግባር አገኙ። ጎሕ ሲቀድ ሯጮች ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ ይሠለጥኑባቸዋል፤ ሲመሽም ወጣቱ ከጓደኛው ጋር ሳንቲም ሳያወጣ አረፍ ይልባቸዋል። ከፊታቸው የተንጣለለው አስፋልት ግን የመኪና ግዛት ነበር። ከየአቅጣጫው በሚተመው ተሽከርካሪ መካከል እግረኛው ነፍሱን ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ያኛው ሩጫ ስፖርት አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. ተጠናቆ የተከፈተው አዲሱ ሥራ ለ1,400 ያህል ተሽከርካሪዎች ከዐደባባዩ ሥር ማቆሚያ አበጀ። ቅርፁ ያማረ ነው። ይዘቱን ስንመረምር ግን መኪናው ተሰወረ እንጂ አልተቀነሰም። ማረፊያ የተዘጋጀለት መኪና ወደ መሀል ከተማ መምጣቱን አይተውም፤ ይህ ሁሉ ወጪ የተደረገውም ከጉዞዋ ግማሽ ያህሉ በእግር በሚፈጸምባት ከተማ ነው።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በአንጻሩ ለብዙኃኑ ታስቦ የተሠራ ነው። ሆኖም ሐዲዱ በምድር ላይ በተዘረጋበት ሥፍራ አጥሩ ሠፈርን ከሠፈር ለየ፤ ጎረቤቷን ለመጠየቅ ትሻገር የነበረች እናት ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ ትዞራለች።

በ2016 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው የኮሪደር ልማት ሲነገር ምስጋናውን መንፈግ አይገባም። ዐይነ ስውር በትሩን ይዞ ጉድጓድ ሳይፈራ የሚራመድበት የእግረኛ መንገድ፣ ብስክሌትም የራሱ መስመር ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ያለው ከመንገዱ ጀርባ ነው። ከፒያሳና ከሌሎችም አሮጌ ሠፈሮች ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ የተዛወረው ነዋሪ ትናንት በእግሩ ሥራው ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ታክሲ እየቀያየረ ይመጣል። እግረኛውን አርቆ የእግረኛውን መንገድ ማስፋት ተዋንያኑን አስወጥቶ መድረኩን እንደ ማስጌጥ ነው። ጥላ የሚሰጥ ትልቅ ዛፍም ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በቀትር ፀሐይ መብራቱ ምን ይጠቅማል?

ከእነዚህ ሁሉ ይህን ጸሐፊ የማረከው እጅግ ርካሹ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጉ ነበር። ለዚያ ኮንክሪት አላስፈለገም፤ ገመድና ትራፊክ ፖሊስ በቂ ነበሩ። ልጆች በአስፋልቱ መካከል ኳስ ያንከባልሉ፣ አዛውንቶችም ቆመው ይመለከቷቸው ነበር። ገመዱ ሲነሣ ልጆቹ ኳሳቸውን አቅፈው ወደ መንገዱ ጠርዝ ሸሹ።